ከናይትሮጅን እስከ አሚኖ አሲድ፦ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ስለ ሰው አመጋገብ ያስተማረው

መግቢያ

አንዲት ዘመናዊ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ያህል መኖ ትመገባለች። በዚህ መኖ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን ከ15 እስከ 17 ግራም የሚደርስ ሲሆን፣ ዶሮዋ ከዚሁ ላይ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን የያዘ እንቁላል ሠርታ ትጥላለች። ይህንንም በዓመት 300 ጊዜ ያህል ትደጋግመዋለች። ከሰውነቷ ክብደት ጋር ሲነጻጸር እንዲህ ያለ ከፍተኛ የፕሮቲን ምርት የሚያስገኙ የቤት እንስሳት ጥቂት ናቸው።

ጉዳዩ ለእንስሳት ርቢ ባለሙያ እንጂ ለሐኪም፣ ለነርስ ወይም ለጤና መኮንን የሚመለከት አይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በጤና ተቋሞቻችን ስለ ገንቢ ምግብ የምንሰጠው ትምህርት፣ ለተጎዱ ሕፃናት የምናዘው ምግብና የፕሮቲንን ጥራት የምንለካበት መንገድ ከዶሮ መኖ ታሪክ ጋር በብዙ ክር የተሳሰረ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው፣ የፕሮቲን ጥቅም የሚወሰነው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በውስጡ በያዛቸው አሚኖ አሲዶች ስብጥር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ እውነት ሙሉ ውጤት የሚያስገኘው ሌላው ሁሉ በተሟላበት ሁኔታ ብቻ መሆኑ ነው። የሰው ልጅ የመጀመሪያውን ትምህርት ለመቀበል መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ሁለተኛውን ዘንግቶ በመገኘቱም ዋጋ ከፍሏል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮቲን በናይትሮጅን ሲለካ

ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፍራንሷ ማዣንዲ በ1816 ውሾችን ስኳር ብቻ፣ የወይራ ዘይት ብቻ፣ ሙጫ ብቻ ወይም ቅቤ ብቻ እየመገበ ተከታተላቸው። ውሾቹ ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ እየከሱ ሞቱ። ከዚህም በመነሣት ናይትሮጅን የሌለው ምግብ ሕይወትን ሊያቆይ እንደማይችል ግንዛቤ ተወሰደ። በ1838 ሆላንዳዊው ኬሚስት ጌራርዱስ ሙልደር፣ ስዊድናዊው በርዜሊየስ ባቀረበለት ሐሳብ መሠረት፣ እነዚህን ናይትሮጅን አዘል ንጥረ ነገሮች ፕሮቲን ሲል ሰየማቸው። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሆኖ ቀዳሚነትን ያመለክታል።

በዚያው ዘመን በፓሪስ ሆስፒታሎች ከአጥንት የሚቀቀል የጀላቲን ሾርባ ለሕሙማንና ለድሆች ይታደል ነበር። ጀላቲን ናይትሮጅን ስላለው ሥጋን ሊተካ ይችላል የሚል እምነት ስለነበረ ነው። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመውና በማዣንዲ ይመራ የነበረው ኮሚሽን በ1841 ባቀረበው ዘገባ ጀላቲን ብቻውን እንስሳትን በሕይወት ሊያቆይ እንዳልቻለ ገለጸ። ሾርባው ናይትሮጅን አላጣም፤ ታዲያ ምን ጎደለው? የጥያቄው ምላሽ የተገኘው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ጀላቲን ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ የለውም።

ምላሹ እስኪገኝ ድረስ ግን ሳይንሱ በናይትሮጅን መለካቱን ቀጠለ። በ1860ዎቹ በጀርመን አገር በቬንደ የምርምር ጣቢያ የመኖ መመርመሪያ ሥርዓት ተዘረጋ። በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኬሚስት የነበረው ዮሐን ኬልዳል ናይትሮጅንን በቀላሉ የመለኪያ ዘዴ አስተዋወቀ። ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶ ናይትሮጅን አለው ከሚል ግምት በመነሣት የተገኘውን ናይትሮጅን በ6.25 ማባዛት የተለመደ ሆነ። የዚህ ስሌት ውጤት ድፍድፍ ፕሮቲን ሊባል የሚችለው ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በመኖ ከረጢትና በታሸገ ምግብ ላይ የምናነበው ቁጥር ይኸው ነው። ስሌቱ ጠቃሚ ቢሆንም የላባን፣ የጀላቲንንና የእንቁላልን ናይትሮጅን አይለያቸውም።

የጎደለው ሲገኝ

በ1901 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ፍሬድሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስና ሲድኒ ኮል ትሪፕቶፋንን ለይተው አወጡ። በ1906 ሆፕኪንስ ከኤዲት ዊልኮክ ጋር ባደረገው ጥናት ዜይን የተባለውን የበቆሎ ፕሮቲን ብቻ ያገኙ አይጦች ፈጥነው ሞቱ። በመኖው ላይ ትሪፕቶፋን ሲጨመርበት ግን ዕድሜያቸው ረዘመ፤ ሆኖም አላደጉም። ሌላም የጎደለ ነገር ነበር ማለት ነው።

ይህን የገለጹት አሜሪካውያኑ ቶማስ ኦስቦርንና ላፋየት ሜንዴል ናቸው። በ1914 ባወጡት ጽሑፍ ዜይን ላይ ትሪፕቶፋን ሲታከል አይጦች ክብደታቸውን እንደሚጠብቁ፣ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሲጨመር ደግሞ ማደግ እንደሚጀምሩ አሳዩ። በ1916 ተመሳሳይ ጥናት በጫጩቶች ላይ በማካሄድ የአሚኖ አሲድ ይዘት ለጫጩት ዕድገትም ወሳኝ መሆኑን አረጋገጡ። የዶሮ መኖ ከአሚኖ አሲድ ሳይንስ ጋር የተዋወቀው በዚህ ጊዜ ነው ሊባል ይችላል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የቀሩትም አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ታወቁ። ድኝ አዘሉን ሜቲዮኒንን ጆን ሙለር በ1922 አገኘው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሮዝና ባልደረቦቹ በ1935 ትሪዮኒንን ለይተው በማውጣት ዝርዝሩን አሟሉ። ሮዝ በ1940ዎቹ በወጣት ተማሪዎች ፈቃደኝነት ባካሄደው ምርምር ለአዋቂ ሰው ስምንት አሚኖ አሲዶች የግድ ከምግብ መገኘት እንዳለባቸው ወሰነ። ሂስቲዲን ከጊዜ በኋላ ስለታከለበት ዛሬ ቁጥራቸው ዘጠኝ ነው።

የነገሩን አሠራር በቀላል ምሳሌ መግለጽ ይቻላል። አንድ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ «ጤና» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ለመደርደር ቢፈልግና አንድ መቶ «ጤ» ቢኖረው፣ ነገር ግን «ና» ያለው አሥር ብቻ ቢሆን፣ ሊደረድር የሚችለው አሥር ቃል ብቻ ነው። የቀሩት ዘጠና «ጤ»ዎች ለዚህ ሥራ አይውሉም። ሰውነትም ፕሮቲን ሲሠራ እንዲሁ ነው። ከፍላጎት አንጻር እጅግ ያነሰው አሚኖ አሲድ የሥራውን ወሰን ይደነግጋል፤ ስለዚህም ገዳቢ አሚኖ አሲድ ይባላል። የተረፉት ሌሎች አሚኖ አሲዶች በብዛት ስለማይከማቹ ተሰባብረው ለኃይል ምንጭነት ይውላሉ፤ ናይትሮጅናቸውም በሰው ዘንድ ዩሪያ፣ በወፎች ዘንድ ዩሪክ አሲድ ሆኖ ይወገዳል።

የዶሮ ልዩ ተፈጥሮ

የዶሮ ፍላጎት ከሰው ፍላጎት ጋር በብዙ መንገድ ቢመሳሰልም ፍጹም አንድ አይደለም። ክሎዝ፣ ስቶክስታድና አልምክዊስት በ1938 እንዳሳዩት አርጂኒን ለጫጩት የግድ ከመኖ መገኘት አለበት። ምክንያቱም ወፎች ናይትሮጅንን የሚያስወግዱት በዩሪክ አሲድ መልክ ስለሆነ የዩሪያ ዑደታቸው የተሟላ አይደለም፤ በመሆኑም አርጂኒንን እንደ ሰው ራሳቸው ሊሠሩ አይችሉም። ላባም ሲስቲን በተባለው ድኝ አዘል አሚኖ አሲድ የበለጸገ ስለሆነ ዶሮ ለሜቲዮኒንና ለሲስቲን ያላት ፍላጎት ከፍ ያለ ነው።

የእንቁላል ጣይ ዶሮ ሁኔታ ደግሞ ለጤና ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። የአስኳሉ ፕሮቲኖች በኤስትሮጅን ትእዛዝ በጉበት ተሠርተው በደም በኩል ወደ እንቁልጢው ይጓዛሉ። የነጩ ክፍል ፕሮቲን ግን በእንቁላል መውረጃው ቱቦ ውስጥ ተሠርቶ አስኳሉ ሲያልፍ በሦስት ሰዓት ገደማ ጊዜ ይለብሰዋል። የአንድ ትልቅ እንቁላል የሚበላ ክፍል 190 ሚሊግራም ያህል ሜቲዮኒንና 450 ሚሊግራም ያህል ላይሲን ይዟል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 ባወጣው መመሪያ በቀን 100 ግራም መኖ ለምትመገብ ነጭ እንቁላል ጣይ ዶሮ 300 ሚሊግራም ሜቲዮኒን፣ 690 ሚሊግራም ላይሲንና 15 ግራም ድፍድፍ ፕሮቲን እንደሚያስፈልጋት አመልክቷል። ይህም ማለት እንቁላል በጣለችበት ቀን ከምታገኘው ሜቲዮኒንና ላይሲን ከግማሽ የሚበልጠው ከእንቁላሉ ጋር ይወጣል።

ሜቲዮኒን ሲጎድልባት ዶሮዋ የእንቁላሏን ፕሮቲን ጥራት አታጓድልም ለማለት ይቻላል። መጀመሪያ የእንቁላሉ ክብደት ይቀንሳል፤ እጥረቱ ሲጠና የእንቁላሉ ቁጥር ያንሳል፤ የገዛ ጡንቻዋም ለሥራው ይውላል። የጤና ባለሙያ ይህን ሲያነብ የምታጠባ እናት ትታወሰው ይሆናል። መጠነኛ የምግብ እጥረት ባለባት እናት ዘንድም የጡት ወተቱ የፕሮቲን ይዘት ብዙም አይለወጥም፤ ጉዳቱን የምትሸከመው እናቲቱ ናት።

ከዓሣ ዱቄት ወደ ፋብሪካ ውጤት

እስከ 1940ዎቹ ድረስ የዶሮ አርቢዎች የዓሣ ዱቄት፣ የሥጋ ተረፈ ምርት ወይም ወተት በመኖው ውስጥ ካልገባ ዶሮዎች በሚገባ እንደማያድጉና ጫጩት የሚፈለፈልባቸው እንቁላሎች ቁጥር እንደሚያንስ ከልምድ ያውቁ ነበር። ተመራማሪዎች ይህን ያልታወቀ ነገር የእንስሳት ፕሮቲን ረቂቅ ንጥረ ነገር ብለው ይጠሩት ነበር። በ1948 በአሜሪካና በእንግሊዝ ቫይታሚን ቢ12 ተለይቶ ሲወጣ ምስጢሩ ተገለጠ። በአንድ በኩል የፐርኒሸስ አኒሚያ ሕሙማንን የሚያድነው፣ በሌላ በኩል ጫጩቶችን የሚያሳድገው ይኸው አንድ ንጥረ ነገር ነበር። የሰው ሕክምናና የዶሮ እርባታ በአንድ ግኝት ላይ ተገናኙ።

ቢ12 በተናጠል መጨመር ከተቻለ በኋላ መኖን በበቆሎና በአኩሪ አተር ብቻ ማዘጋጀት የሚቻል ሆነ። በቆሎ በላይሲንና በትሪፕቶፋን ይደኸያል፤ አኩሪ አተር እነዚህን በሚገባ ያሟላል፤ ነገር ግን ሜቲዮኒን ይጎድለዋል። ስለዚህ በዚህ ድብልቅ ውስጥ የመጀመሪያው ገዳቢ አሚኖ አሲድ ሜቲዮኒን ሆነ። በ1950ዎቹ በኬሚካል ዘዴ የተሠራ ሜቲዮኒን በመኖ ውስጥ መግባት ጀመረ። በ1958 ደግሞ በጃፓን ኪኖሺታና ባልደረቦቹ ላይሲንን በባክቴሪያ አማካይነት በማብላላት የማምረት ዘዴን ይፋ አደረጉ። በኬሚካል ዘዴ የሚሠራው ሜቲዮኒን ዲ እና ኤል የሚባሉ ሁለት የመስታወት ምስሎች ድብልቅ ሲሆን፣ ዶሮ ሁለቱንም በሚገባ ትጠቀምባቸዋለች። ሰው ግን የዲውን ዓይነት በደካማ ሁኔታ ነው የሚጠቀመው። ከእንስሳ የተገኘን ውጤት ወደ ሰው በቀጥታ ማዛወር የማይገባ መሆኑን ይህ ትንሽ ምሳሌ ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ የመኖ አዘጋጆች የድፍድፍ ፕሮቲንን መጠን እየቀነሱ የጎደለውን አሚኖ አሲድ ብቻ በግራም መጨመርን ተማሩ። ጥቅሙ በገንዘብ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ያልተፈለገው ናይትሮጅን በኩስ ከወጣ በኋላ ወደ አሞኒያ ስለሚለወጥ በዶሮ ቤት የሚሠሩ ሰዎችን ዓይንና የመተንፈሻ አካል ይቆጠቁጣል። የተመጠነ መኖ የሠራተኛ ጤናም ጉዳይ ነው።

እንቁላል መለኪያ ሲሆን

ዶሮን ለመመገብ የተደረገው ጥረት ውጤት የሆነው እንቁላል በተራው የሰው ምግብ መለኪያ ሆነ። ሪቻርድ ብሎክና ሃሮልድ ሚቼል በ1946 ባቀረቡት ሥራ የማንኛውም ምግብ ፕሮቲን ጥራት ከእንቁላል ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ስብጥር ጋር በማነጻጸር ሊገመት እንደሚችል አሳዩ። እጅግ የጎደለው አሚኖ አሲድ ከእንቁላሉ አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ ይሰላል፤ ያ ቁጥር የምግቡ ኬሚካዊ ነጥብ ይሆናል። ይህ ስሌት የገዳቢ አሚኖ አሲድን ሐሳብ ወደ አንድ ቁጥር የለወጠ ነበር።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ኋላ ላይ ከእንቁላል ይልቅ የሰውን ፍላጎት ራሱን መመዘኛ አደረጉ። ለዶሮ የሚበጀውን የአሚኖ አሲድ ስብጥር የሚወስነው የዶሮ ፍላጎት እንደሆነ ሁሉ፣ ለሕፃን የሚበጀውንም የሕፃኑ ፍላጎት መወሰን ነበረበትና። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የተበላው ሁሉ ይፈጫል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ረገድ የዶሮ ተመራማሪዎች ቀድመው ሄደዋል። በወፍራም አንጀት አካባቢ የሚኖሩ ተሕዋስያን አሚኖ አሲዶችን ስለሚለዋውጡ፣ በ1980ዎቹ ዕውር አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን አውራ ዶሮዎች በመጠቀም እውነተኛውን መፈጨት ለመለካት ሞክረዋል። ለሰው ምግብም በቀጭን አንጀት መጨረሻ ላይ የሚለካው የእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ መፈጨት መመዘኛ እንዲሆን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ ያቀረበው ሐሳብ የታተመው በ2013 ነው።

አንዲት ዶሮና መንጋው

በ1973 በእንግሊዝ አገር ፊሸር፣ ሞሪስና ጄኒንግስ የንባብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሊተረጎም በማይገባው፣ በሬዲንግ ከተማ ስም በሚታወቀው ሞዴላቸው አንድ ቀላል ግን ጥልቅ ሐሳብ አቀረቡ። አንዲት ዶሮ የምታገኘው አሚኖ አሲድ ሲጨምር የእንቁላል ምርቷ ከችሎታዋ ጣሪያ እስኪደርስ ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ይቆማል። ነገር ግን በመንጋው ውስጥ የእያንዳንዷ ዶሮ ክብደትና የመጣል ችሎታ የተለያየ ነው። በመሆኑም የመንጋው አማካይ ውጤት የተሰበረ መስመር ሳይሆን ቀስ እያለ የሚጎብጥ መስመር ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለማኅበረሰብ ጤና ባለሙያ የታወቀ ነው። መኖው በአማካይ ፍላጎት ልክ ከተዘጋጀ ከመንጋው ግማሽ ያህሉ ይጎድልበታል፤ የሚጎድልባቸውም ብዙ የሚጥሉት ዶሮዎች ናቸው። በሰው አመጋገብ ረገድም ይኸው ሐሳብ ይሠራል። በ2007 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅትና የአጋሮቹ ሪፖርት የአዋቂ ሰው አማካይ የፕሮቲን ፍላጎት በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 0.66 ግራም እንደሆነ ገልጾ፣ አብዛኛውን ሕዝብ የሚሸፍነውን አስተማማኝ መጠን ግን 0.83 ግራም አድርጎታል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ የማይወከሉ ሰዎች ድርሻ ነው።

ከዶሮ ቤት ወደ ሕፃናት ክፍል፦ የትምህርቱ ወሰን

እስከዚህ የተተረከው የስኬት ታሪክ ነው። ነገር ግን የዶሮ ቤቱ ስኬት ወደ ሰው ልጅ ሲተላለፍ ነገሩ እንደታሰበው አልሆነም።

ሲሲሊ ዊልያምስ የተባለችው ሐኪም በዛሬዋ ጋና ስታገለግል በ1933 በበቆሎ ምግብ የሚያድጉ ሕፃናትን የሚያጠቃ በሽታ ገለጸች፤ በ1935 ደግሞ በአካባቢው የጋ ሕዝብ ቋንቋ ኩዋሺዮርኮር በሚለው ስሙ ለዓለም አስተዋወቀችው። ስያሜው ታናሽ ሲወለድ ከጡት የሚነሣውን ልጅ በሽታ ያመለክታል። በ1952 ብሮክና ኦትሬ ለዓለም ጤና ድርጅትና ለምግብና እርሻ ድርጅት ባዘጋጁት ጥናት በሽታው በአፍሪካ እጅግ የተስፋፋ መሆኑ ተገለጸ። ከዚህ በኋላ የዓለም የምግብ ችግር በዋነኛነት የፕሮቲን ችግር ነው የሚለው አመለካከት ገነነ። ለዶሮ የሠራው መፍትሔ ለሰውም ይሠራል በሚል ተስፋ በቱኒዝያ ስንዴን፣ በታይላንድ ሩዝን፣ በጓቴማላ በቆሎን በላይሲንና በሌሎች አሚኖ አሲዶች የማበልጸግ ሙከራዎች ተካሄዱ። በሕፃናት ዕድገት ላይ የተጠበቀው ጉልህ ለውጥ ግን አልታየም።

በዚሁ ጊዜ ሕንዳዊው ጎፓላን በ1968 እንዳመለከተው፣ ኩዋሺዮርኮር ያለባቸው ሕፃናት ምግብ ማራስመስ ካለባቸው ሕፃናት ምግብ ያን ያህል የተለየ አልነበረም። በ1974 ዶናልድ ማክላረን በላንሴት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የፕሮቲን ዘመቻውን ታላቅ ውድቀት ሲል ነቀፈው።

ስሕተቱ ከኬሚስትሪው አልነበረም፤ የገዳቢ አሚኖ አሲድ ሕግ አልተሻረም። የተለየው ሁኔታው ነው። የዶሮ ቤቷ ዶሮ በቂ የኃይል ምንጭ፣ ቫይታሚንና ማዕድን፣ ንጹሕ ውኃና ክትባት ታገኛለች፤ የቀረው ጉድለት ሜቲዮኒን ብቻ ሲሆን፣ ሜቲዮኒን መስጠት ውጤት ያመጣል። በተቅማጥ፣ በኩፍኝና በወባ የሚመላለስ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ቀጭን ገንፎ የሚያገኝ ሕፃን ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ገዳቢ ነገሮች አሉበት። ኃይል ሰጪ ምግብ ሲያንስ የተገኘው አሚኖ አሲድ ራሱ ለማገዶነት ይነዳል። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በሕክምናው መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 ወተት በ100 ሚሊሊትር 0.9 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ የያዘው፣ ኤፍ-100 ግን 2.9 ግራም የሚደርሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውነት ለመገንባት ሳይዘጋጅ ፕሮቲን ማብዛት ጉዳት አለው።

ያም ሆኖ የፕሮቲን ጥራት ጉዳይ በዚያው ተዘግቶ አልቀረም። በ2016 በማላዊ ገጠር በተደረገ ጥናት የቀነጨሩ ሕፃናት በደማቸው ውስጥ የዘጠኙም አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች መጠን ካልቀነጨሩት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በ2017 ደግሞ በዚያው አገር በአኩሪ አተር፣ በበቆሎና በማሽላ የተዘጋጀና የጎደሉት አሚኖ አሲዶች በንጹሕ መልክ የተጨመሩበት ለሕክምና የሚውል ምግብ፣ በወተትና በለውዝ ከሚዘጋጀው የተለመደው ምግብ ያላነሰ ውጤት ማስገኘቱ ተዘግቧል። የእህልና የጥራጥሬን ድብልቅ በአሚኖ አሲድ ማሟላት ለመኖ አዘጋጆች የቆየ ዘዴ ነው። ልዩነቱ፣ በዚህ ጊዜ አሚኖ አሲዱ የተጨመረው ኃይል ሰጪው፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑ በተሟላበት፣ ሕክምናም በታከለበት ሁኔታ መሆኑ ነው።

ስለ እንቁላል የተደረጉት ሙከራዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። በ2017 በታተመ የኢኳዶር ጥናት ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ያሉ ሕፃናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል ሲመገቡ መቀንጨር በ47 በመቶ ቀነሰ። በ2019 በታተመው ተመሳሳይ የማላዊ ጥናት ግን በቁመት ዕድገት ላይ ልዩነት አልታየም። በማላዊ ሕፃናቱ ቀድሞም ዓሣ ይመገቡ እንደነበረና የመቀንጨር መጠኑም ከኢኳዶር ያነሰ እንደነበረ ተመራማሪዎቹ አስገንዝበዋል። አንድ ዓይነት እንቁላል በተለያየ ሁኔታ የተለያየ ውጤት ሰጥቷል።

በአገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። የአብዛኛው ሕዝብ ፕሮቲን ምንጭ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላና ገብስ ሲሆን፣ የእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ገዳቢ አሚኖ አሲድ ላይሲን ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር በተቃራኒው በላይሲን የበለጸጉ ሆነው በሜቲዮኒን ይደኸያሉ። እንጀራ በሽሮ መብላት ከመኖ ቀማሚው የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ጋር በሐሳብ አንድ ነው፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት አሚኖ አሲድ ስም ሳይወጣለት ነው። የጎደለው ብዙውን ጊዜ ይህ ድብልቅ ለትንሹ ሕፃን በሚስማማ መልክና በበቂ መጠን አለመቅረቡ ነው። በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት አመጋገብ ተቋም ያስተዋወቀው ፋፋ የተሰኘው ድብልቅ ዱቄት ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነበር።

ሌላው ጥረት ጥራት ያለው ፕሮቲን የያዘ በቆሎ ነው። በ1964 ሜርትስ፣ ቤትስና ኔልሰን አንድ የበቆሎ ዘረመል ላይሲንንና ትሪፕቶፋንን እንደሚያሳድግ ገለጹ። ከብዙ ዓመታት የማሻሻል ሥራ በኋላ የዚህ ዓይነት ዝርያ በ2001 በኢትዮጵያ ለገበሬዎች ተለቀቀ። የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች ያጣመረና በ2010 የታተመ ትንተና በቆሎ ዋና ምግባቸው በሆነ፣ መጠነኛ የምግብ እጥረት ባለባቸው ሕፃናት ዘንድ ይህ በቆሎ የክብደት ዕድገትን በ12 በመቶ፣ የቁመት ዕድገትን በ9 በመቶ እንዳሻሻለ አመልክቷል።

የአበሻ ዶሮ ጭራ በማደር ከጥራጥሬ ፍርፋሪ፣ ከነፍሳትና ከትል አሚኖ አሲዷን ራሷ ትቀምማለች፤ በዓመት የምትጥለው ግን በአብዛኛው ከ60 እንቁላል አይበልጥም። የፈረንጅ ዶሮ አርቢዎች በቆሎን፣ ፉርሽካንና የኑግ ፋጉሎን ቀላቅለው ሲመግቡ የፕሮቲኑ ቁጥር የሞላ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የኑግ ፋጉሎ በላይሲን የደኸየ ስለሆነ አኩሪ አተር ወይም ሌላ የላይሲን ምንጭ ካልታከለ ምርቱ ይወርዳል። ለእንቁላሉ ብዛትም ሆነ ዋጋ፣ በመጨረሻም ወደ ሕፃኑ ሳህን ለመድረሱ ይህ የመኖ ጉዳይ የራሱ ድርሻ አለው።

አንድ ጥንቃቄም አለ። በ2016 በኢትዮጵያ ገጠር ላይ የታተመ ትንተና ዶሮ ማርባት ከሕፃናት የተሻለ ቁመት ጋር መያያዙን፣ ዶሮዎች ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ሲያድሩ ግን ግንኙነቱ ወደ ጉዳት ማዘንበሉን አሳይቷል። የዶሮ ኩስ የሕፃኑን አንጀት ለተሕዋስያን ሲያጋልጥ በእንቁላሉ የተገኘው ጥቅም ሊባክን እንደሚችል ይገመታል።

ማጠቃለያ

ከማዣንዲ ውሾች እስከ ሬዲንግ መንጋዎች የተጓዘው ታሪክ ቀስ በቀስ ጥያቄውን አጥርቶታል። መጀመሪያ የተጠየቀው ናይትሮጅን አለው ወይ የሚል ነበር፤ ቀጥሎ የትኛው አሚኖ አሲድ ጎደለ፤ ከዚያም ምን ያህሉ ይፈጫል፤ በመጨረሻም ለማንና በምን ሁኔታ የሚለው መጣ። ዶሮዋ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እንድንመልስ ረድታናለች። የመጨረሻውን ግን እርሷ ልትመልስልን አትችልም፤ የሕፃኑ ቤት የዶሮ ቤት አይደለምና።

ስለዚህ የጤና ባለሙያ እናትን ሲያማክር ልጅሽ ፕሮቲን ያግኝ ብሎ ማቆም አይበቃውም። እህሉ ከጥራጥሬ ጋር ተቀላቅሏል ወይ? ገንፎው ኃይል የሚሰጥ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ዶሮ ካለች እንቁላሉ ሁሉ ለገበያ ይወጣል ወይስ ለሕፃኑ የሚተርፍ አለ? ዶሮዎቹ የሚያድሩት የት ነው? ሕፃኑ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት አለው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድነት ሲመለሱ የትኛው ጉድለት ሕፃኑን እንደገደበው ይታወቃል፤ እርዳታውም ከዚያው መጀመር ይኖርበታል።